የዓመቱን ሥራ ማን ይመስክር?
ለማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን እንግዶቻችን፣
የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣
ወላጆችና አሳዳጊዎች፣
የአንድ ዓመት የበጎ ፈቃድ አገልግሎታችሁን ጨርሳችሁ ከፊት ወንበሮች ላይ የተቀመጣችሁ ወጣቶች፣

እንኳን ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የሊቀ መንበር ንግግር ሲባል ምን እንደሚጠበቅ አውቃለሁ። ስንት ሰው ተሰማራ፣ ስንት ሰዓት ተሠራ፣ ስንት ቦታ ተደረሰ እየተባለ በቁጥር ይጀመርና በጭብጨባ ይታለፋል። ቁጥሩ በእጃችሁ ባለው የሥራ ክንውን ሪፖርት ውስጥ ተቀምጧል፤ ሒሳብ ሹሙም ኦዲተሩም ተራቸው ሲደርስ ያብራሩታል። እኔ የተሰጠኝን ጊዜ ለሌላ ጉዳይ ላውለው። እናንተ ወጣቶች አገልግሎታችሁን ስታጠናቅቁ የጻፋችሁትን የማጠቃለያ ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ፤ የማወራው ስለ እሱ ነው።

ደስ ያለኝን ላስቀድም። በአረጋውያን መጦሪያ ተመድባ የነበረች አንዲት እህታችን፣ አቅም ያነሰውን ሰው ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር እንዴት እንደሚያዛውሩ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፋለች። የወንበሩ ፍሬን አስቀድሞ መያዝ አለበት። የሚያነሣው ሰው ወገቡን ሳይሆን ጉልበቱን ማጠፍ አለበት። ከሁሉ በፊት ግን፣ አለች፣ ሰውየውን ከመንካቴ በፊት ምን ላደርግ እንደሆነ መንገር አለብኝ፤ እሺ እስኪለኝም መጠበቅ አለብኝ። ከዚያ አብረን እንቆጥራለን፣ በሦስት እንነሣለን። ስለ ሰው ክብር ብዙ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ብዙ ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ጥርት ብሎ የገባኝ ግን ጥቂት ጊዜ ነው።

ሌላው ወንድማችን ማጠናከሪያ ትምህርት ሲሰጥ ስለነበረው ልጅ ጽፏል። ልጁ ገጹን እያየ ሳይደናቀፍ ያነባል። ወጣቱ ለሳምንታት «ጎበዝ» ሲለው ቆየና አንድ ቀን ሥዕሉን በእጁ ሸፈነበት። ልጁ ዝም አለ። ለካ ፊደሉን አልለየም ኖሯል፤ ሌሎች ሲያነቡ የሰማውን በቃሉ ይዞ፣ ሥዕሉን እያየ ነበር የሚወጣው። ከዚያ ቀን በኋላ የትምህርቱ አካሄድ ተለወጠ፤ ከገጽ ወደ ቃል፣ ከቃል ወደ ፊደል ወረዱ። ይህ ጽሑፍ ለሚቀጥለው ዓመት ሰልጣኞቻችን ቢነበብ ከማንኛውም መመሪያ ይበልጣል ባይ ነኝ። የሥልጠና ክፍላችን ይህን በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።

አሁን ወደ ጎደለው ልምጣ። ከጽሑፋችሁ አብዛኛው የሚለው «ብዙ ተምሬያለሁ፣ በራስ መተማመኔ ጨምሯል፣ ለሕይወት ያለኝ አመለካከት ተለውጧል» ነው። ይህ ነውር የለበትም። ምንም ላላተርፍ አንድ ዓመቴን እሰጣለሁ የሚል ወጣት ቢመጣ እንዲያውም እኔ እጠራጠረዋለሁ። ግን ያ አረጋዊ፣ ያ ልጅ፣ ያቺ ቤቷ የዋለች ሕመምተኛ በጽሑፉ ውስጥ የሚታዩት እናንተን ትዕግሥት ሲያስተምሩ ብቻ ነው። ሰውየው ትዕግሥት ሊያስተምራችሁ አልነበረም እዚያ የተኛው። የራሱ ጉዳይ ነበረው። የሚጠብቀው ሰው ነበረው፣ የሚያመው እግር ነበረው፣ ከእናንተ በፊት የመጡና የሄዱ ሌሎች በጎ ፈቃደኞችንም ያስታውሳል። ዓመቱ ለእናንተ ምን አደረገ የሚለውን በደንብ መልሳችሁታል። ለእሱ ምን አደረገለት የሚለው ግን ባዶ ነው፤ ባዶ የሆነውም ስለማታስቡለት ሳይሆን ማንም ስላልጠየቃችሁ ነው። በዚህ ሙያ ውስጥ ያለ ድርጅት ሁሉ የሚያስሞላው ቅጽ «ምን ተማርክ?» ብሎ ይጀምርና እዚያው ያበቃል።

ስለዚህ ሁለተኛውን ጥያቄ ዛሬ አብረን እንሞክረው። ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው እንቅፋት የገዛ ትዝታችን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ ያሳተሙት አንድ ሙከራ አለ። ሰዎች እጃቸውን 14 ዲግሪ በሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለ60 ሰከንድ እንዲነክሩ ተደረገ። በሌላ ዙር ያንኑ 60 ሰከንድ ከቆዩ በኋላ ሌላ 30 ሰከንድ ተጨመረባቸው፤ በዚህ ጭማሪ ጊዜ ግን ውሃው ቀስ እያለ በአንድ ዲግሪ ብቻ ሞቅ አለ። ከዚያ የትኛውን ዙር ብትደግሙት ትመርጣላችሁ ተብለው ሲጠየቁ አብዛኞቹ ረጅሙን መረጡ። ተጨማሪ ስቃይ የመረጡት መጨረሻው ስለለዘበ ነው። ትዝታ የሚመዝነው የነገሩን ርዝመት አይደለም፤ ጎልቶ የወጣውን ቅጽበትና ማብቂያውን ነው።

እናንተም የጻፋችሁት ከስንብቱ ማግስት ነው። ሰው ተሰብስቦ መርቋችኋል፣ ፎቶ ተነሥታችኋል፣ አንዳንዳችሁ አልቅሳችኋል። ያ አንድ ከሰዓት በኋላ በመካከሉ ያሉትን ረጅም ወራት ውጧቸዋል። በየወሩ የያዛችሁትን ማስታወሻ ከማጠቃለያው ጋር ጎን ለጎን ሳስተያየው ልዩነቱ አስገረመኝ። ማስታወሻው «ዛሬም ፋይል ስደረድር ዋልኩ»፣ «አስተባባሪው አልመጣም፣ ቁልፍ አጥተን በር ላይ ቆምን»፣ «ማንም ሥራ አልሰጠኝም» ይላል። ማጠቃለያው ግን ከዚህ አንዱንም አያነሣም።

ለእኔ እነዚያ አሰልቺ ቀናት የዓመቱ ዋና አካል ናቸው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1910 ወጣቱ በጦርነት ፋንታ ለሰላማዊ ሥራ ይሰለፍ የሚል ሐሳብ ሲያቀርብ የዘረዘራቸውን ሥራዎች ብታዩ ጀግና የሚያሰኝ ነገር ብዙም የለባቸውም። ማዕድን መቆፈር፣ መንገድ መሥራት፣ በክረምት ዓሣ ማጥመድ ይልና ከነሱ ጋር አንድ ላይ ሳህን ማጠብን፣ ልብስ ማጠብንና መስኮት መወልወልን ይጠራል። ሰውየው የገባው ነገር ነበር። የአንድ ተቋም ቀን የሚቆመው በታጠበ ሳህን ላይ ነው። ፋይሉ ባይደረደር ኖሮ የአንዲት እናት የሕክምና ወረቀት በተፈለገ ጊዜ አይገኝም ነበር። ይህንን ግን ከጻፋችሁት ሁሉ ያገኘሁት በአንድ ሰው ጽሑፍ ብቻ ነው፤ እሱም በቅንፍ ውስጥ።

(ወላጆች ፈገግ ስትሉ አያለሁ። ቤት ሲመጣ ሳህን ያጥባል ወይ የሚለውን ጥያቄ ለዕረፍት ሰዓት እናቆየው።)

ወደ ከበደው እንለፍ። የረዳነው ሰው መረዳቱን ፈልጎት ነበር ወይ?

የዛሬውን ዓለም አቀፍ የበጎ ፈቃድ ሥራ ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ስዊዘርላንዳዊውን ፒየር ሴሬሶልን ያነሣሉ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ካበቃ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1920፣ ሴሬሶል ከተለያየ አገር የመጡ ጥቂት ሰዎችን ይዞ በቬርደን አጠገብ የፈረሰች አንዲት የፈረንሳይ መንደር ለመጠገን ሄደ። ከመካከላቸው ጀርመኖች ነበሩ፤ ሐሳቡም ይኸው ነበር፣ ያፈረሰው ወገን ሰው መጥቶ ሲገነባ እንዲታይ። ሐሳቡ ውብ ነው። ሆኖም ሥራው ከጥቂት ወራት አላለፈም። በዚያ ምድር የጀርመን ሰው መኖር ገና ያልሻረ ቁስል ነበርና ጫናው በርትቶ በ1921 ቆመ። ከዚያ ሥራ የተነሣው የበጎ ፈቃድ ንቅናቄ ግን አልሞተም፤ ዛሬም በብዙ አገር ይሠራል።

ይህን ታሪክ የሚነግሩን ሰዎች ስለ ሴሬሶል ቅንነት ነው የሚያወሩት፤ ልክ ናቸው። እኔ ግን ሐሳቤ ሁልጊዜ የሚሄደው ወደ መንደሪቱ ሰዎች ነው። ልጆቻቸውን የቀበሩት እነሱ ናቸው። ዕርቁ መቼ እንደሚጀመር የመወሰን መብት የነሱ አልነበረም እንዴ? መልካም ሐሳብ ባለቤቱ በር ላይ ሲደርስ ማንኳኳት አለበት፤ አይሆንም ቢባል ደግሞ ለመመለስ የተዘጋጀ መሆን አለበት።

ይህንኑ እጅግ መርሮ የተናገረው ቄስና የማኅበራዊ ኑሮ ሐያሲ የነበረው ኢቫን ኢሊች ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ሄደው ለማገልገል በተዘጋጁ የሰሜን አሜሪካ ተማሪዎች ፊት ቆሞ፣ ለማየት ኑ፣ ለመማር ኑ፣ ለመርዳት ግን አትምጡ አላቸው። አስቡት፤ ሻንጣ ለሸከፈ ወጣት እንዲህ ተባለ። በድምዳሜው አልስማማም። ብስማማ ኖሮ ዛሬ እዚህ መድረክ ላይ አልቆምም ነበር። በአንድ ነገር ግን ረትቶኛል፦ ቋንቋውን፣ ኑሮውንና ታሪኩን ሳያውቅ የሚሄድ ሰው ጉዳት ማድረሱን የሚያውቅበት መንገድ እንኳ የለውም። ጉዳት የደረሰበት ሰው በትሕትና ፈገግ ብሎ ያሰናብተዋላ።

ጉዳት የሚለው ቃል የበዛባችሁ ካላችሁ ቀጥሎ የምለውን ስሙኝ። ከልጆች ጋር ስትሠሩ ለነበራችሁ በተለይ።

ጂን ግሮስማን እና ጂን ሮድስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ትልቅ ሰው ከአንድ ታዳጊ ጋር ተጣምሮ የሚያማክርበትን የበጎ ፈቃድ ፕሮግራም ተከታትለው ነበር። ጥምረቱ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየላቸው ታዳጊዎች ከሁሉም በላይ ተጠቀሙ። ይህ የሚጠበቅ ነው። ጥምረቱ በሦስት ወር ውስጥ የተቋረጠባቸው ግን ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ጭራሽ ከነበረበት ወረደ፤ በትምህርት ችሎታቸው ላይ ያላቸው እምነትም እንደዚሁ። ሳይመጣ የቀረ አማካሪ ያላደረሰውን ጉዳት መጥቶ የጠፋው አደረሰ ማለት ነው። እኛ በቋንቋችን ይህን ያለ ጥናት እናውቀው ነበር፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ እንላለን።

እንግዲህ የአንድ ዓመት አገልግሎት ትልቁ ፈተና የመጀመሪያው ቀን አይደለም። የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ናቸው። ከእናንተ መካከል ለልጆቹ መሄዱን ከአንድ ወር በፊት የነገረ ስንት ነው? እጅ እንድታወጡ አልጠይቅም። በማስታወሻችሁ ያየሁትን ብቻ ልናገር፦ ብዙዎቻችሁ «እንዳይከፋቸው» ብላችሁ እስከ መጨረሻው ቀን ዝም ብላችኋል። ከሐዘኑ ያተረፋችሁት ግን ራሳችሁን ነው፤ እነሱ በማግስቱ በር በሩን ሲያዩ እናንተ አልነበራችሁም። ልጅ ሰው እንደሚሄድ ሲነገረው ያለቅሳል፣ ይቆጣል፣ አንዳንዱም ለሁለት ሳምንት ያኮርፋችኋል። ያንን ኩርፊያ ቆሞ መቀበልም የሥራው አንድ ክፍል ነው።

ርክክቡም እንደዚሁ። ከምደባ ቦታዎች ጋር በየጊዜው ስንነጋገር የምንሰማው ቅሬታ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ አዲሱ በጎ ፈቃደኛ ሲመጣ ሁሉ ነገር ከዜሮ ይጀምራል። የመደርደሪያው ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ፣ የትኛው ልጅ የጆሮ ችግር ስላለበት ከፊት መቀመጥ እንዳለበት፣ የትኛዋ እናት ጠዋት ጠዋት ሰው እንዲያናግራት እንደማትወድ፣ ከየትኛው ሐኪም ጋር ቀጠሮ እንደተያዘ፣ ይህ ሁሉ በአንድ ወጣት ጭንቅላት ውስጥ ሆኖ ከወጣቱ ጋር ይሄዳል። የስንብት ፕሮግራም የምናዘጋጅበትን ጉልበት ግማሹን ለርክክብ ብናውል ብዬ እመኛለሁ። ሥራ አስፈጻሚው ያቀረበው የውሳኔ ሐሳብ በአጀንዳችሁ ላይ አለ፤ ነባሩና አዲሱ በጎ ፈቃደኛ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አብረው እንዲሠሩና የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ርክክቡ በተቀባዩ ፊርማ ሲረጋገጥ እንዲሆን ይጠይቃል። ወጣቶቹ አትወዱት ይሆናል። ተከራከሩበት፤ ድምፅ የምትሰጡበት እናንተም ናችሁ።

አንድ ሌላ ጉዳይ በጥቂቱ ልንካ፤ አንድ ዓመቱን መስጠት የሚችለው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1964 ሁለት አገሮች ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተለያየ መልስ ሰጡ። ምዕራብ ጀርመን በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተውን የማኅበራዊ አገልግሎት ዓመት በሕግ ደነገገች፤ የሚፈልግ ወጣት ይገባል፣ የኪስ ገንዘብና መድን ይኖረዋል። በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ግዴታ አደረገ፤ አብዛኞቹም በመምህርነት ተመደቡ። ናይጄሪያ ከእርስ በርስ ጦርነቷ ማግሥት፣ በ1973፣ የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ከራሳቸው ክፍለ ግዛት ውጭ ሄደው አንድ ዓመት የሚያገለግሉበትን ፕሮግራም ስታቋቁም መንገዷ የግዴታው ነበር። ፈረንሳይ በ2010 ባወጣችው ሕግ ደግሞ ፈቃደኝነቱን ይዛ መንግሥት በየወሩ አበል እንዲከፍል አደረገች።

እኔ የፈቃደኝነት ወገን ነኝ፤ በዚህ ማኅበር ውስጥ የግዴታው ወገን የሆኑ ወዳጆች እንዳሉኝም ይታወቃል። ነገር ግን ለእነሱ አንድ ነጥብ እሰጣቸዋለሁ። ግዴታ ሲሆን የሀብታሙም የድሃውም ልጅ ይሄዳል። ፈቃደኝነት ሲሆንና አበል ሳይኖር ሲቀር የሚመጣው ቤተሰቡ ዓመቱን ሊሸከምለት የሚችለው ብቻ ነው። በሁለተኛ ወሩ ያቋረጠውን ወጣት «ጽናት የለውም» ብለን በፋይሉ ላይ ከመጻፋችን በፊት የትራንስፖርቱን ማን ይከፍል እንደነበር እንጠይቅ። የበጀት ውይይቱ ላይ የኪስ ገንዘቡ መስመር ሲደርስ ይህን አስታውሱልኝ፤ ከዚያ መስመር ላይ ቀንሰን ለሌላ እናዙር የሚል ሐሳብ ቢመጣ እኔ ከወንበሬ ወርጄ እንደ አባል እቃወማለሁ።

ወጣቶች፣ ከነገ ጀምሮ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ስለዚህ ዓመት ትጠየቃላችሁ። «ብዙ ተማርኩ» አትበሉ፤ ሁሉም የሚለው ነው። ከአልጋ ወደ ወንበር ሰው እንዴት እንደሚነሣ ተናገሩ። ሥዕሉን ሸፍናችሁ ያወቃችሁትን ተናገሩ። ያልተሳካውንም ጨምሩ። ከእናንተ አንዳንዶቹ ደግሞ ተቆጥታችሁ ነው የመጣችሁት፤ በተመደባችሁበት ቦታ ያያችሁት አሠራር አናድዷችኋል፣ ሦስት ወር የፈጀ አንድ ፊርማ አይታችኋል። ያ ቁጣ ቶሎ እንዲበርድ የሚመክራችሁ ሰው አይጠፋም። እኔ ጻፉት ነው የምለው፤ ቀን፣ ቦታና የሥራ ሒደቱን ጠቅሳችሁ ለሥራ አስፈጻሚው አስገቡት። ስሜት ሆኖ ከቀረ ማንም ምንም አያደርግበትም፤ በጽሑፍ ከገባ ግን መልስ የመስጠት ግዴታ አለብን።

በመጨረሻ የዛሬው ፕሮግራም ላይ ስለተደረገው ለውጥ። በተለመደው አካሄድ ከእኔ ቀጥሎ መድረኩን የሚይዙት አገልግሎታቸውን የጨረሱ ወጣቶች ነበሩ፤ ልምዳቸውን ያካፍሉ ነበር። ዘንድሮ ከእነሱ በፊት ሌሎች ይናገራሉ። ከመጦሪያው፣ ከማጠናከሪያ ትምህርት ማዕከሉና ከቤት ለቤት እንክብካቤው የመጡ ተገልጋዮችና የልጆቹ ወላጆች በቀኝ በኩል ተቀምጠዋል። እንዲያመሰግኑን አልጋበዝናቸውም፤ ጥሪያችን ላይም ይህንኑ ጽፈናል። ምን ጠቀማችሁ፣ ምን አስቸገራችሁ፣ በጎ ፈቃደኛው ከሄደ በኋላ ምን ቀረ ብለን ነው የጠየቅናቸው። የፈለጉትን ያህል ጊዜ አላቸው፤ ተናጋሪን በሰዓት የሚያቋርጥ ደወል ለዚህ ክፍለ ጊዜ አይሠራም። ወጣቶቹ ጥያቄ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ መልስ መስጠትና ማስተባበል ግን ከሰዓት በኋላ በየቡድኑ ይሁንላችሁ። ማስታወሻ ደብተር ያልያዘ ካለ ከመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ይውሰድ።

ዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ በይፋ መከፈቱን እያስታወቅሁ፣ የመጀመሪያዋን ተናጋሪ እናታችንን ወደ መድረኩ እጋብዛለሁ። አስተናጋጆች፣ ደረጃው ከፍ ስለሚል ማይክራፎኑን እሳቸው ወዳሉበት አውርዱላቸው።